ያገለገለ ባለ 26 ኢንች ብስክሌት በአዲስ አበባ አቀበት፦ ለሚሮጥ ሰው ምን ያህል ይሆናል?

ግምገማው የሚመለከተው ያገለገለ የተራራ ብስክሌት ነው፦ የብረት ቴላዮ (የብስክሌቱ ዋና አካል)፣ 26 ኢንች ጎማ፣ ፊት 3 ኋላ 7 ማርሽ፣ ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ የሚቆነጥጥ ፍሬን፣ ባለ ሞላ የፊት ሹካ። ባዶውን 15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። መርካቶ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ዓይነት ስለሆነ እዚህ የሚባለው ለአንድ ማርካ ብቻ አይደለም፤ ቴላዮው ላይ የተለጠፈው ስም ቢለያይም ውስጡ ያለው ዕቃ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። የሠራውም ከስድስት ኪሎ ሜክሲኮ እየተመላለሰ ነው፤ ከክረምት እስከ በልግ፣ ጠዋት ቁልቁል፣ ማታ ሽቅብ። ነጂው በሳምንት አራት ቀን የሚሮጥ፣ ኅዳር ላይ የታላቁ ሩጫን 10 ኪሎ ሜትር የሚያስብ አማተር ነው።

ፍርዱን ላስቀድም። እንዳለ ተገዝቶ እንዳለ ከተነዳ ለሯጭ መጥፎ ብስክሌት ነው፤ የሩጫውን እግር ይበላል። የኋላ ማርሹና ጎማው ከተቀየሩ ግን ከታክሲ ሰልፍ የሚገላግል፣ ልምምዱንም የማይነካ ጥሩ መጓጓዣ ይሆናል። ሌላው ሁሉ፣ ቀለሙም ሞላውም፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

አቀበቱና ማርሹ

ከስድስት ኪሎ በአራት ኪሎ አድርጎ መስቀል አደባባይ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ የሚያሳስብ አይደለም። መስቀል አደባባይ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ሲሆን ስድስት ኪሎ ከዚያ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ይህ ሁሉ ከፍታ የሚወጣው ደግሞ ማታ፣ ከሥራ በኋላ፣ ጭሱ በሚበዛበት ሰዓት ነው። ፒያሳ ለሚኖር ደግሞ ቸርችል ጎዳና አለለት፦ ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ ቤት፣ ላይኛው ጫፍ ሲደረስ ወሬ የሚያስቆም።

ብስክሌቱ ከፋብሪካ ሲመጣ ፊት 42፣ 34 እና 24 ጥርስ፣ ኋላ ከ14 እስከ 28 ጥርስ ነው የያዘው። በጣም ቀላሉ ማርሽ ላይ ሲሆን (ፊት 24፣ ኋላ 28) ፔዳሉ አንዴ ሲዞር 1.7 ሜትር ገደማ ይሄዳል። አቀበት ላይ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ከወጣችሁ እግራችሁ በደቂቃ 58 ጊዜ ብቻ ይዞራል ማለት ነው። ከ60 በታች ሲወርድ እያንዳንዱ ግፊት ከባድ ነው፤ ሰውየው ከኮርቻው ይነሳል፣ ባትና የተረከዝ ጅማት ሥራ ይበዛባቸዋል። ለብስክሌት ተወዳዳሪ ይህ የጉልበት ልምምድ ሊሆን ይችላል። በማግስቱ ጃንሜዳ ላይ 400 ሜትር እየደጋገመ ለሚሮጥ ሰው ግን ትርፉ የዛለ ጭን ነው።

መድኃኒቱ የኋላውን ማርሽ ከ14 እስከ 34 ጥርስ ባለው መቀየር ነው። ያው 6 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አሁን በደቂቃ 71 ዙር ይሆናል፤ ተቀምጦ መውጣት ይቻላል። ጉድለቱ የመጨረሻው ዝላይ ነው፦ ከ24 ጥርስ በአንድ ጊዜ 34 ላይ ይወጣል፤ በመሃል ምንም የለም። አቀበቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ፔዳሉ ሳይከብድ መቀየር አለበት። ከባድ ጫና ላይ ሆኖ የቀየረ ካቴናውን ያስጮኻል፣ አንዳንዴም ይበጥሳል። ሜዳ ላይ የሚጎድል ነገር የለም፤ 42 በ14 በደቂቃ 90 ዙር በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ መሃል ከተማ ውስጥ ከዚያ በላይ መሄድ ጤነኛነት አይደለም።

ሲቀየር የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ የኋላ ማርሽ የሚፈታው የራሱ ጥርስ ባለው መፍቻ፣ በሞርሳ ተይዞ ነው። ሰው ፔዳል በመታ ቁጥር ማርሹ ራሱን ስለሚያጠብቅ አሮጌው በእጅ ኃይል አይላቀቅም፤ መፍቻው የሌለው ሠራተኛ መዶሻና ስኬል ያነሳል፣ በዚያው የሞዞውን (ዘንጉ የሚያልፍበትን የጎማውን እምብርት) ጥርስ ያበላሸዋል። መፍቻው እንዳለው ጠይቁ፣ አሳየኝ በሉት፤ ከሌለው ጎማውን ይዛችሁ ሂዱ። አዲሱ ሲገባ ጥርሱ ላይ ግራሶ ይቀባ፤ የሚቀጥለው ሰው ያመሰግናችኋል። ሁለተኛ፣ ካቴናው መርዘም አለበት። ልኩ እንዲህ ነው፦ ካቴናው በማርሽ ቀያሪው ውስጥ ሳያልፍ በትልቁ የፊትና በትልቁ የኋላ ማርሽ ላይ ይጠመጠማል፤ ከተገናኘበት ላይ አንድ ሙሉ ጥንድ ዓይን (አንድ ኢንች) ይጨመራል። በአሮጌው ልክ ከተተወ አንድ ቀን ሳይታሰብ ትልቁ ከትልቁ ሲገናኝ ማርሽ ቀያሪውን ከነመያዣው ይቀነጥሰዋል። ሦስተኛ፣ ማርሽ ቀያሪው ባለ ረጅም ክንድ መሆን አለበት፤ አጭሩ የተረፈውን ካቴና መሰብሰብ አይችልም፣ ትንሹ ከትንሹ ሲሆን ካቴናው ይንጠለጠላል። ከኋላ ያለችው ትንሽ ማስተካከያ ብሎን ደግሞ የላይኛዋ ተሽከርካሪ ባለ 34ቱን ጥርስ እንዳትነካ ትጠብቃለች፤ ብሎኗን ስታጠብቋት ተሽከርካሪዋ ከጥርሱ ትርቃለች።

ጎማ

ጥርሱ ጎላ ጎላ ያለው የተራራ ጎማ አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ይጎትታል። በ1.5 ኢንች ስፋት ለስላሳ ጎማ ሲቀየር ልዩነቱ ከመጀመሪያዋ መንገድ ይታወቃል። ቸርኬው ላይ የሚነበበው ልክ 559 መሆኑን አረጋግጡ፤ «26» የሚባሉ ሌሎች ልኮችም ስላሉ በኢንቹ ብቻ የገዛ ሰው ጎማው እምቢ ይለዋል። የኋላው ጎማ ከፊቱ ቀድሞ ያልቃል፤ ሲያልቅ የፊቱን ወደ ኋላ፣ አዲሱን ወደ ፊት ማድረግ ነው። ፊት ላይ የሚፈነዳ ጎማ ይጥላልና ጥሩው ሁልጊዜ ፊት ይሁን።

አየሩ 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ኋላ 60፣ ፊት 50 ፒኤስአይ ይበቃል። ጎሚስታ ቤት ማስነፋት ይቻላል፤ የከመነዳሪው አፍ የመኪና ዓይነት መሆኑ የዚህ ብስክሌት ትልቅ ጥቅም ነው። ግን መንፊያው ለመኪና የተሠራ ነው፤ የብስክሌት ከመነዳሪ የሚይዘው አየር ከመኪናው ጋር አይወዳደርም፣ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ሞልቶ ይፈነዳል። ለልጁ «ቲክ ቲክ እያደረግህ» ብሎ መንገርና በየመሃሉ በአውራ ጣት መጫን ነው። በእጅ ፖምፓ ራስን መቻል ይሻላል።

ቀዳዳውን አይታችሁ ምክንያቱን ማወቅ ትችላላችሁ። ጎን ለጎን ሁለት ትንንሽ ስንጥቆች ከሆኑ አየሩ አንሶ ጉድጓድ ውስጥ ቸርኬው ከመነዳሪውን ቆንጥጦታል፤ ጥፋቱ የአየር ነው። አንድ ነጥብ ብቻ ከሆነ የወጋ ነገር አለ። ከተማችን ውስጥ ዋናው ወጊ ሚስማር አይመስለኝም፤ ካለቀ የጭነት መኪና ጎማ የሚረግፍ ፀጉር የመሰለ ሽቦና ግንባታ አካባቢ የሚወድቅ የማሰሪያ ሽቦ ነው። ይህ ሽቦ ጎማው ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል፣ ከውጭም አይታይም። ከመነዳሪው ተለጥፎ ሽቦው ሳይወጣ ከተመለሰ እስከ አራት ኪሎ እንኳ አያደርስም። ጨርቅ በጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ ዙሪያውን ማስኬድ ነው፤ ጨርቁ የያዘበት ቦታ ላይ ሽቦው አለ፣ በፒንሳ ይወጣል። ልጥፉም ማስቲሹ ሳይደርቅ ከተጫነ አይይዝም። በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ፣ በስሱ ቀብቶ፣ ማብረቅረቁ እስኪጠፋ አምስት ደቂቃ መታገሥ አለበት።

ፍሬን፣ በተለይ ክረምት

ጠዋት ቁልቁል የሚወርድ ሰው ዕድሜው በፍሬን ጎማው እጅ ነው። በጋውን ጥሩ ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃና ደቃቅ አሸዋ ቸርኬው ላይ ይለጠፋል፣ የፍሬኑ ጎማ ያንን ይዞ እንደ ሞረድ ቸርኬውን ይፍቃል። «ክርርር» የሚል ድምፅ ሲሰማ አሸዋ ገብቷል፤ ጎማውን ፈትቶ የተሰካውን ብናኝ በሹል ነገር አውጥቶ ፊቱን በአሸዋ ወረቀት ማደስ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የተተወ ቸርኬ ጎኑ ይሰረጉዳል፤ ጣት ሲያልፍበት ጎድጓዳነቱ ከታወቀ መቀየሪያው ደርሷል፣ አየሩ ከውስጥ ሲገፋው ሊሰነጠቅ ይችላልና።

እርጥብ ቸርኬ ላይ ፍሬን መጀመሪያ ምንም አይይዝም፤ ውኃውን ጠርጎ እስኪጨርስ ጎማው ሁለት ሦስት ዙር ይሄዳል። ስለዚህ በዝናብ ቁልቁል ከመጀመሩ በፊት ቀለል አድርጎ ይዞ ማድረቅ፣ ከዚያ መውረድ። የፍሬኑ ጎማ ሲገጠም ከፊት ያለው ጫፉ ከኋለኛው 1 ሚሊ ሜትር ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ ይደረግ፤ ጩኸቱ ይጠፋል። ብሎኑ የሚፈታው ባለ 5 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) ነው። የፍሬኑ ጎማ ላይኛው ጠርዝ የብስክሌቱን ጎማ የሚነካ ሆኖ ከተገጠመ ደግሞ በጎኑ በልቶ ያፈነዳዋል፤ ይህን ስህተት አዲስ በተገጠሙ ፍሬኖች ላይ በብዛት ታያላችሁ።

ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) አብሮ አይመጣም። ለክረምት የግድ ነው፤ ለጀርባ ብቻ ሳይሆን ለካቴናና ለፊት ኩሽኔታ ጭምር። የፕላስቲኩ አጭር ጅራት የሚመስለው ከንቱ ነው፣ ጎማውን ተከትሎ የሚዞረውን ሙሉውን ግዙ።

ካቴና

እዚህ ላይ በብዛት የሚሠራው ስህተት ዘይቱ ነው። ብዙ ሠራተኞች ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ይቀባሉ፤ ነፃ ነው፣ ጥቁርነቱም ጠንካራ ያስመስለዋል። ውስጡ ግን የብረት ብናኝና ጥቀርሻ አለ፤ እያለሰለሰ የሚመስለው ነገር እየፋቀ ነው። የስፌት ማሽን ዘይት በበጋ ደህና ነው፣ በዝናብ ታጥቦ ይሄዳል። አዲስ የሞተር ዘይት በእያንዳንዱ ዓይን ላይ አንድ ጠብታ ተደርጎ፣ አድሮ ጠዋት በደረቅ ጨርቅ ውጪው ከተጠረገ ለክረምት ያገለግላል። ዘይት የሚፈለገው ውስጥ ነው፤ ውጪ የቀረው አቧራ ይሰበስባል።

እጥበቱ በበጋ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ በክረምት በየሳምንቱ፣ በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ። ቤንዚን አያስፈልግም፣ አደገኛም ነው።

ማለቁን በዓይን ማወቅ አይቻልም፤ ማስመሪያ ያስፈልጋል። 12 ኢንች ርዝመት (24 ዓይን) አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። ከ306.4 ሲያልፍ ካቴናውን መቀየር። 308 ከደረሰ ካቴናው ብቻ አይበቃም፣ የኋላ ማርሹም በልኩ ተበልቷል፤ አዲስ ካቴና አሮጌ ማርሽ ላይ ሲገጠም አቀበት መሃል ይዘላል፣ ጉልበትም ከመሪው ጋር ይጋጫል። ካቴናን በጊዜ መቀየር የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው አልረጋም፤ ካቴና ከማርሽ ሁልጊዜ ይረክሳል።

የኋላው ሞዞ፣ የብስክሌቱ ደካማ ጎን

ይህ ብስክሌት የሚሰበርበት ቦታ አንድ ነው ቢባል የኋላው መሃል ዘንግ ነው። ምክንያቱ አሠራሩ ነው። የሰባቱ ማርሽ ቁልል በሞዞው ላይ ተጠምዝዞ ስለሚገባ የቀኙ ኩሽኔታ ከቁልሉ በውስጥ በኩል፣ ከቴላዮው ርቆ ይቀራል። በቀኝ በኩል ዘንጉ ረጅም ርቀት ያለ ድጋፍ ይንጠለጠላል። ፖርቶ መጋላ (ከኋላ ያለው ዕቃ መጫኛ) ላይ ላፕቶፕ፣ የሩጫ ጫማ፣ ልብስና ምሳ ዕቃ ተጭኖ የመንገድ ማቀዝቀዣ ጉብታ ላይ ሲዘል ዘንጉ ይጎብጣል፣ ቀስ በቀስም ይሰበራል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ጎማውን ስታዞሩት ማርሹ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል፣ ጎማውም በፍሬኑ መሃል አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይጠጋል።

ስለዚህ ሸክሙን ከ8 ኪሎ አታሳልፉ፤ ጉብታ ላይ ከኮርቻው ትንሽ ተነሱ። ፈጣን መፍቻ ያለው ባዶ ዘንግ ከሆነ በድፍኑ፣ በዳዶ በሚጠብቀው ቀይሩት፤ ለሌባም አይመችም።

ዓመት አንዴ፣ ክረምት ሲወጣ፣ ሞዞው ተከፍቶ ግራሶው መታደስ አለበት። ኋላ በየጎኑ 9 ባለ ሩብ ኢንች ኳስ፣ ፊት በየጎኑ 10 ከዚያ ያነሱ ኳሶች አሉ። አንድ ኳስ የጎደለው ሞዞ ይሠራል፤ ቆይቶ ግን መቀመጫውን ይበላል። ስለዚህ ሠራተኛው ፊት ቁጠሩ፣ ቆጥራችሁም መልሱ። ሲጠብቅ ልኩ ዘንጉ በጣት ሲዞር የማይከረክር፣ ቸርኬው ሲናጥ የማይወዛወዝ መሆኑ ነው።

ሽቦ ሲበጠስም አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው በቀኝ በኩል ነው፤ በዚያ ወገን ያሉት ከግራዎቹ ይበልጥ ስለሚወጠሩ። አንድ ሽቦ ለመቀየር ማርሹ መፈታት አለበት፤ ያ የመጀመሪያው መፍቻ እዚህም ይፈለጋል። የራሳችሁን መፍቻ ግዙ። ሠራተኛው ጋ ከሌለ ከኪሳችሁ ይውጣ።

ኮርቻ፣ ጫማ፣ ጉልበት

የሯጭ ጉልበት ላይ ብስክሌት የሚያመጣው ችግር ከሞላ ጎደል ሁሉ ከኮርቻ ከፍታ ነው። የኮርቻው አናት የፔዳሉ ክንድ ከሚዞርበት ዘንግ መሃል ያለው ርቀት የውስጥ እግር ርዝመት በ0.883 ተባዝቶ ይገኛል፤ ውስጥ እግሩ 82 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 72.4 ይመጣል። ዝቅ ካለ ጉልበት ከፊት ያማል፣ ከፍ ካለ ከኋላ። ያለ ማስመሪያም ይሆናል፦ ተረከዙን ፔዳሉ ላይ፣ ፔዳሉን ታች፤ እግሩ ቀጥ ማለት አለበት። ከተማ ውስጥ ሰው በብዛት ኮርቻውን የሚያወርደው መብራት ላይ እግሩ መሬት እንዲደርስለት ነው። ከኮርቻ ወርዶ መቆም መልመድ ይሻላል።

በሩጫ ጫማ ፔዳል አትምቱ። የብረት ፔዳሉ ጥርሶች ከሥር ያለውን ስፖንጅ ይበሉታል፤ ውድ ጫማ ያለ ኪሎ ሜትሩ ያልቃል። አሮጌ፣ ሶሉ ጠንካራ የሆነ ጫማ ለብስክሌት፣ የሩጫው በፌስታል ታስሮ ፖርቶ መጋላ ላይ።

ሳምንቱ

ሩጫና ብስክሌት ሲዳበሉ ዋናው ጥያቄ የትኛው ቀን ማን ይከብዳል የሚለው ነው። የሠራው አደረጃጀት ይህ ነው፦ ከባድ ሩጫ ጠዋት፣ ከቁልቁለቱ በፊት። ማክሰኞ 12 ሰዓት ላይ ጃንሜዳ፦ 15 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 8 ጊዜ 400 ሜትር፣ በየመሃሉ 200 ሜትር ቀስ ብሎ፣ 10 ደቂቃ ማቀዝቀዣ። ከዚያ ወደ ሥራ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ነው፤ እግር ሳይገፋ ይዞራል፣ ይህም እንደ ማላቀቂያ ያገለግላል። የማታው አቀበት በ24 እና በ34፣ ተቀምጦ። ሐሙስም በዚያው መልክ፣ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ጠንከር ያለ ወጥ ሩጫ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ብስክሌት ብቻ። ቅዳሜ አጭር ሶምሶማ፣ እሁድ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ከ16 እስከ 18 ኪሎ ሜትር፤ ብስክሌቱ በሩን ዘግቶ ይተኛ።

ረቡዕና ዓርብ ባዶ መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው በእነዚህ ቀናት ፍጥነት መሮጥ የለበትም። የረቡዕ ማታው አቀበት ግን ከጾም በኋላ ስለሚመጣ ከሥራ ቦታ ከመነሳት በፊት አንድ ብርጭቆ በሶ በስኳር ልዩነት አለው። ለሐሙሱ ሩጫ ዋናው ምግብ የረቡዕ እራት ነው።

ከባድ ሩጫ ለማታ ብቻ የሚመቸው ሰው ያን ቀን ብስክሌቱን ቤት ይተወው። ከፍጥነት ልምምድ በኋላ አቀበት መውጣት የዛለ ባትን ለጉዳት ማጋለጥ ነው፤ ልቡ ይችላል፣ ጅማቱ ግን አይችልም።

የብስክሌቱን ኪሎ ሜትር ወደ ሩጫ አትቀይሩ። ሦስት ኪሎ ሜትር ብስክሌት ለአንድ ኪሎ ሜትር ሩጫ የሚል የተለመደ ስሌት አለ፤ ግማሹ መንገድ ቁልቁል በሆነበት ከተማ አይሠራም። የልብ ምት የሚያሳይ ሰዓት ያላችሁም ተጠንቀቁ፦ በተመሳሳይ ድካም ብስክሌት ላይ ምቱ ከሩጫው ከ5 እስከ 10 ዝቅ ይላል፤ በሩጫው ቁጥር ብስክሌቱን ከመራችሁት «ቀላል ቀን» ያላችሁት ሁሉ ይከብዳል። ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ መውጣት ካልተቻለ ፍጥነቱ በዝቷል።

ኅዳር ላይ ለሚሮጥ ሰው የአሥራ ሁለት ሳምንት ዝግጅት የሚጀምረው ነሐሴ ላይ ነው፤ ለብስክሌቱ ከዓመቱ ሁሉ የከፋው ወር። ጃንሜዳ ይጨቀያል፣ ካቴና ያልቃል። በክረምት ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ጠዋቱ ለሩጫ ይተርፋል፤ የሚመታው የማታውን መንገድ ነው።

መንገዱ

በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ከአራት ኪሎ ወደ መስቀል አደባባይ፣ እንዲሁም ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት ያለውን ጉዞ በጣም ቀይረውታል። ከመኪና ተለይቶ መውጣት መቻሉ አቀበት ላይ ትልቅ ነገር ነው፤ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ከኋላው ጥሩንባ የሚያሰማ የለም። ጉድለታቸው መገናኛዎቹ ላይ ነው፦ መስመሩ መስቀለኛ መንገድ ሲደርስ ያልቃል፣ ማዶ እስኪቀጥል ሰው ራሱን ያውጣ። ንጣፉ በመጀመሪያው ካፊያ ይንሸራተታል፤ መታጠፊያ ላይ ፍሬን አትያዙ፣ ከመታጠፋችሁ በፊት ያዙ። እግረኛውም መስመሩን የራሱ አድርጎታል። ደወል ከመምታት ቀደም ብሎ «ይቅርታ» ማለት መንገድ በፍጥነት ይከፍታል።

መስመር በሌለበት ደግሞ ዋናው አደጋ ሚኒባስ ነው። «ወራጅ አለ!» የሚለው ድምፅ ከውስጥ ከተሰማ ሚኒባሱ በሚቀጥሉት ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ በሩም ይከፈታል። በቀኙ በኩል አትለፉ፤ ጠብቁ ወይም በግራ ዙሩ። ጎርፍ ማስተላለፊያ ላይ ያሉት ብረቶች ዘንጋቸው ከመንገዱ ጋር ትይዩ ከሆነ ባለ 1.5 ኢንች ጎማ ሊገባባቸው ይችላል፤ ቀጥ ብላችሁ አትሂዱባቸው፣ አግድሙ። ማታ ከኋላ ቀይ መብራት ከፊት ነጭ። ንጋት ላይ ከ12 ሰዓት በፊት የሚወጣ ሰው ውሻ ይገጥመዋል፤ ፔዳል አቁሞ ረጋ ብሎ ማለፍ ከመሮጥ ይሻላል፣ የሚሮጥ ነገር ያሳድዳሉና።

ቁልፍ፦ ቀጭኑ ሽቦ በፒንሳ ይቆረጣል፤ ድፍኑን ባለ ቅስት ቁልፍ ግዙ፣ ቴላዮውንና የኋላ ጎማውን አንድ ላይ ይያዝ። ኮርቻው ፈጣን መፍቻ ካለው በብሎን ቀይሩት። ሥራ ቦታ ጥበቃው እንዲያውቃችሁ ማድረግ፣ መንገድ ላይ ደግሞ ሊስትሮ ያለበት ጎን ማቆም ከማንኛውም ቁልፍ ጋር የሚደመር ጥበቃ ነው።

ስትገዙ የሚታይ

ከመሪው ሥር ቴላዮው የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ቀለሙ ከተሸበሸበ ወይም ከተሰነጠቀ ብስክሌቱ በፊት ለፊት ተጋጭቷል፣ ተዉት። የፔዳሉን ክንድ ይዛችሁ ወደ ቴላዮው ግፉና ሳቡ፤ የሚወዛወዘው ክንዱ ብቻ ከሆነ ብሎኑ ላልቶ አራት ማዕዘን ቀዳዳው ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ የተበላ ቀዳዳ ምንም ቢጠብቅ ተመልሶ ይላላል፣ ክንዱ ይቀየራል። ሁለቱም አብረው ከተወዛወዙ የመሃሉ ኩሽኔታ ነው፤ ያ ቀላል ነው፣ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማል። ፔዳል ስትፈቱ የግራው ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው፤ በተለመደው አቅጣጫ በኃይል የፈታ ክንዱን ያበላሻል። የፊቱን ሞላ ተጭናችሁ እዩት፤ የማይመለስ ወይም የሚንቋቋ ከሆነ መጠገኛ የለውም ማለት ይቻላል፤ ግን ድፍን ሹካ ያለው ብስክሌት ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፣ አቀበት ላይ ሞላው እየተጨመቀ ጉልበት ይወስዳል፣ ክብደትም ነው።

በቤት የሚቀመጥ መለዋወጫ፦ ሁለት ከመነዳሪ፣ አንድ ካቴና፣ አንድ ጥንድ የፍሬን ጎማ፣ አንድ የኋላ ዘንግ ከነኮኑ፣ የማርሽና የፍሬን ገመድ አንድ አንድ። መሳሪያው ባለ 4፣ 5 እና 6 ብሩጎላ፣ ባለ 15 ቺያቤ፣ ፒንሳ፣ ካቴና መፍቻና ያ የማርሽ መፍቻ። ቀጥሎ የሚመጣው ወጪ የኋላው ቸርኬ ነው፤ ሲቀየር ባለ ሁለት ግድግዳው፣ 36 ሽቦ ያለው ይሁን። ነጠላ ግድግዳው አንድ ጉድጓድ ይበቃዋል።